«ዛፍ እንዳትነኩ» ብለው ለተረጎሙልን ክቡር ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ይትባረክ
የምሥራቅ ፀሐይ የበረዶ ሸርታቴ ስፖርት ማኅበር የበላይ ሰብሳቢ፣ የልዑካን ቡድን መሪ፣ አሠልጣኝ፣ አስተርጓሚና ቃል አቀባይ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ከዚያ ከብርዱ አገር ይዘውት የመጡት ጉንፋን ለቀቀዎት ወይ? መግለጫ ሲሰጡ ደጋግመው ሲያስነጥሱ በቴሌቪዥን ስናይ ቤተሰባችን በሙሉ ተጨንቆ ነበር። እኛ በዚያን ጊዜ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ስለነበር በአካል መጥተን ልንጠይቅዎ ባለመቻላችን ይቅርታዎን እንለምናለን።

እኔ ዱኒያ አብዲቃድር እባላለሁ፤ የሚክዳድ ታላቅ እህት ነኝ። ሚክዳድን ያስታውሱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ምናልባት ፊቱ ከጠፋዎት በማኅበሩ በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ፣ ከእርስዎ ምስል በታች በስተግራ በኩል፣ ፈገግ ያለው ልጅ እሱ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእርስዎ ያለብንን ምስጋና በሕዝብ ፊት ለመግለጽ ነው። ምስጋናው ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ በረዶን ስላስተዋወቁን እናመሰግናለን። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት እኛ ድሬዎች በረዶ ስንል የምናውቀው በላስቲክ ታስሮ ከሱቅ ፍሪጅ የሚወጣውን፣ ልጆች እየተሻሙ የሚመጠምጡትን ነበር። በግንቦት ቀትር ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ከተማ የበረዶ ሸርታቴ ማኅበር ማቋቋም ተራ አእምሮ የሚያስበው ነገር አይደለም። ሳቢያን ውስጥ ቢሮ ተከራይተው፣ ጣሪያው ላይ ቬንቲሌተር ሰቅለው፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ተራራ አስለው ምዝገባ የጀመሩ ዕለት የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ሆዳቸውን ይዘው ስቀውብዎታል። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ወንድሜ አመነዎት።

ሚክዳድ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግን ነበር። ሥራው ያ ይሁን እንጂ ነፍሱ ያለችው እግሩ ሥር ነበረች። ከዚራ፣ በእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ አስፋልቱ ላይ በሮለር ጫማ ያደገ ልጅ ነው። ወደ ፊት እንደሚሄደው ወደ ኋላም ይሄድ ነበር፤ አሮጊቶች ሲያዩት «ይሄ ልጅ አጥንት የለውም እንዴ?» ይሉ ነበር። እናታችንን ገና ሕፃን ሳለ ስላጣ ያሳደግነው አባቴና እኔ ነን። ማኅበርዎ እንደመረጠው የነገረኝ ዕለት በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሮጦ ገባና «ዱኒ፣ ከድሬ ወጥቶ በረዶ ላይ የቆመ ሰው የለም፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ!» አለኝ። «ተው ዋርያ፣ እግርህን ትሰብራለህ» ብለው፣ «አብሽር፣ በረዶ እኮ እንደ ጥጥ ነው። ብወድቅም አያምም» አለና ሳቀብኝ።

ሁለተኛ፣ የቡድኑን ሸክም ሁሉ ብቻዎን ስለተሸከሙ እናመሰግናለን። ከውጭ የሥልጠና ግብዣ ሲመጣ ለሁለት ስፖርተኞች፣ ለአንድ አሠልጣኝና ለአንድ አስተርጓሚ ቦታ ተሰጥቶ ነበር። እርስዎም ሌላ ሰው እንዳይደክም በማሰብ አሠልጣኝም አስተርጓሚም ራስዎ ሆኑና በተረፈው ቦታ የቪዲዮ ባለሙያ ይዘው ሄዱ። ስፖርተኞቹ ሚክዳድና ስምረት ነበሩ። ስምረት የሳቢያን ልጅ ናት፤ አያቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሷም እንደ ብዙዎቻችን ከሶማሌ ጎረቤቶቿ ጋር ስትጫወት አድጋ ሶማሊኛን ከአማርኛ እኩል የምትናገር፣ ከወንድሜ ጋር ከልጅነት ጀምሮ በሮለር ስትጋጭ፣ ስትጣላና ስትታረቅ የኖረች ልጅ ናት። በመነሻችሁ ቀን አየር ማረፊያው ላይ የአባቴን እጅ በሁለት እጅዎ ይዘው «አባባ፣ ልጅዎ ልጄ ነው» ሲሏቸው አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አባቴ እንባቸው መጣ። ያን ቀን እኔም እንደሳቸው ወደድኩዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ትርጉሙ እናመሰግናለን። ዋናው ምስጋናዬ ይኸኛው ስለሆነ በዝርዝር እንድጽፈው ይፍቀዱልኝ። የሄዳችሁበትን አገር ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ያጠፉት ነገር የለምና።

በደረሳችሁበት ቀን አመሻሹ ላይ የተራራው የደኅንነት ኃላፊ እንግዶቹን በሙሉ አዳራሽ ሰብስቦ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። ሰውዬው ሰሌዳው ላይ አንድ ጥድ ሣለ። ከጥዱ ሥር ጉድጓድ ሣለ። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ እግሩ ወደ ላይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች የሆነ ሰው ሣለ። ከየአገሩ የመጡት ወጣቶች ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ ሚክዳድና ስምረት ዓይናቸውን ወደ እርስዎ አዞሩ። እርስዎ በዚያን ሰዓት ስልክዎ ላይ ነበሩ። ሰውዬው ተናግሮ ሲጨርስ ስምረት «ጋሼ፣ ምንድን ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችዎት። እርስዎም ዓይንዎን ከስልኩ ሳያነሱ፣ «ስለ ዛፍ ነው። ዛፍ እንዳትነኩ ነው የሚሉት። ቅርንጫፍ የሰበረ ይቀጣል» አሏቸው።

ሚክዳድ አልጠገበም፤ «ታዲያ የተዘቀዘቀው ሰውዬስ?» አለ።

«ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ ነው» አሉት።

ክቡር ሆይ፣ ያን ሁሉ ንግግር በእንዲህ ያለ አጭር ቃል መጠቅለል ለማንም አልተሰጠም። የማያውቁትን ቋንቋ «አላውቀውም» ብሎ ከማፈር ይልቅ እዚያው በዚያው አዲስ ትርጉም መፍጠር የደፋር ሰው ሥራ ነው። ያን ማታ ሚክዳድ በስልክ ሲያወራኝ እየሳቀ «እዚህ አገር ዛፍ ከሰው ይከበራል ዋላሂ! ቅርንጫፍ የነካ ይቀጣል አሉን። የከዚራን ዛፎች አምጥተን እዚህ ብንተክላቸው ከንቲባ ይሆኑ ነበር» አለኝ። አብረን ሳቅን። የመጨረሻ ወሬያችን እሱ ነው፤ በሳቅ እንድንለያይ ስላደረጉን ይህንንም ከምስጋናው ላይ ይደምሩልኝ።

አራተኛ፣ የአገራችንን ገጽታ ስለጠበቁ እናመሰግናለን። ከማብራሪያው በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ፊሽካ ታድሎ ነበር። የእኛ ልጆች ግን ሞክረው ሲነፉት እርስዎ ተቆጡ። «የትራፊክ ፖሊስ መሰላችሁ እንዴ? አገር አታሰድቡ» ብለው ሁለቱንም ፊሽካ ተቀብለው ኪስዎ ከተቱ።

የሚቀጥለውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ እጄ እንቢ ስላለኝ ያለ ቁጥር አልፈዋለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ተራራው ሌሊቱን ሲወርድበት ባደረ በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ስምረት እንደምትለው የጥዶቹ የታች ቅርንጫፎች ስለተቀበሩ መሬቱ ከአንዱ ግንድ እስከ ሌላው ደልዳላ ይመስል ነበር፤ ጉድጓድ አለ ብሎ የሚጠረጥር ዓይን የለም። ሚክዳድ ሁለት እግርን አንድ ሳንቃ ላይ አስረው የሚንሸራተቱበትን ዓይነት መርጦ ነበር። ቆሞ፣ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ከረፋዱ በፊት እንደ ከዚራው አስፋልት ይጫወትበት ጀመር። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሄዱ ስላዩ እሱና ስምረትም አልተለያዩም ነበር። የለያያችኋቸው እርስዎና ካሜራዎ ናችሁ።

«ስምረት፣ አንቺ እዚህ ነይና ባነሩን ያዢ» አሉ። ከዚያም ወደ ላይ ቀና ብለው፣ «ሚክዳድ፣ አንተ በዛፎቹ መሃል ና! ለቪዲዮ ያምራል!» ብለው ጮሁ።

ወንድሜ ትልቅ ሰው ያዘዘውን የሚያደርግ ልጅ ነበር። በዛፎቹ መሃል መጣ። ብርቱካናማው ጃኬቱ በጥዶቹ መካከል ብቅ አለ፤ ተሰወረ፤ እንደገና ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ብቅ አላለም።

እርስዎ ካሜራው እንዳይጠፋ አዘው ጠበቁ። ስምረት ስትጨነቅ «ሽንቱ መጥቶበት ይሆናል» አሉ። «ልሂድ ልየው» ስትል ደግሞ «መጀመሪያ ባነሩን ጠቅልዪ፤ እርጥበት ከነካው ቀለሙ ይለቃል» አሉ። ባነሩ ላይ የነበረው የእርስዎ ፎቶ ስለሆነ ስጋትዎን እረዳለሁ። እሷም ጠቀለለች። ጠቅልላ ስትጨርስ እየሮጠችና እየሰመጠች ወጣች።

ያገኘችው የሳንቃውን ጫፍ ነው። ከአንድ ትልቅ ጥድ ግንድ አጠገብ፣ ከበረዶው በላይ፣ የሳንቃው ጫፍ ብቻ ይታይ ነበር። ወንድሜ ከሥሩ ተዘቅዝቆ ነበር። ስምረት ጮኸች፤ ነገር ግን ያ በረዶ ድምፅ ይውጣል፤ በአንገቷም ላይ የሚነፋ ነገር አልነበረም። በደመ ነፍስ እግሩን ይዛ ወደ ላይ ጎተተች። በጎተተች ቁጥር ከቅርንጫፎቹ ላይ በረዶ እየተራገፈ ጉድጓዱን ይሞላው ነበር። በመጨረሻ በዚያ ሲያልፉ የነበሩ የሌላ አገር ልጆች አይተዋት ፊሽካቸውን ነፉ። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ መጥተው እሷን ገለል አደረጉና ከጎን፣ ወደ ፊቱ አቅጣጫ ቆፈሩ። ወዲያው ደረሱበት። ግን ሚክዳድ ትንፋሽ አልነበረውም።

ክሊኒኩ ውስጥ ዐማል የምትባል ሶማሌ ነርስ ነበረች። ስምረት እንደ ልጅነቷ በሶማሊኛ እናቷን ስትጠራ ሰምታ መጥታ አቀፈቻት። ከዚያም ቀስ ብላ «ትናንት በስብሰባው ላይ አልነገሯችሁም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ነግረውናል» አለች ስምረት። «ዛፍ አትንኩ፣ ቅርንጫፍ የሰበረ ይቀጣል ብለውናል።»

ዐማል «አይደለም አባዮ፣ አይደለም እህቴ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ነው ስምረት እውነተኛውን ትርጉም የሰማችው። በሶማሊኛ የሰማችውን ወደ ቤት ስትመለስ በአማርኛ ነገረችኝ። እርስዎ እስከ ዛሬ ሳይሰሙት ቀርተው ከሆነ እነሆ፣ በነጻ፦

«ጥድ የታች ቅርንጫፎቹ እንደ ጃንጥላ ስለሚከልሉት ግንዱ ዙሪያ ያለው በረዶ አይጠቀጠቅም፤ ላዩ ደልዳላ ሲመስል ውስጡ ባዶ ጉድጓድ ነው። እዚያ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በጭንቅላቱ ነው። በተወራጨ ቁጥር በረዶ ይወርድበታል፤ በራሱም አይወጣም። ስለዚህ ከዛፍ ራቁ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጓደኛችሁን ከዓይናችሁ አታጥፉ። ፊሽካችሁን ከአንገታችሁ አታውልቁ። ስትወድቁ ግንዱን ወይም ቅርንጫፉን ያዙ፤ የያዛችሁትንም አትልቀቁ። ከገባችሁ አትንፈራገጡ፤ በእጃችሁ ፊታችሁ ላይ የአየር ቦታ ክፈቱ። ጓደኛችሁ ከገባ እግሩን አትጎትቱ፤ ከጎን ወደ ፊቱ ቆፍሩ።»

ቅርንጫፉን ያዙ ነው ያለው ሰውዬው፣ ክቡር ሆይ። ያዙ።

ያወጡት ሰዎች ለዐማል እንደነገሯት ክንድ የሚያህል ጠንካራ ቅርንጫፍ ከወንድሜ ክርን አጠገብ ነበር። ሊደርስበት ይችል ነበር። ሁለቱ እጆቹ ግን ደረቱ ላይ ተሰብስበው ነው የተገኙት። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ሱቅ ገብቶ የማይገዛውን ዕቃ የማይነካ ልጅ ነው። እንዳትነኩ ተብሏል፤ አልነካም።

ወደ ቁጥሬ ልመለስ። አምስተኛ፣ ለማጽናናትዎ እናመሰግናለን። ሬሳውን ይዘው ሲመጡ በጥቁር መነጽር ሆነው «ያልታሰበ የተፈጥሮ አደጋ» ብለው መግለጫ ሰጡ። በነጋታው ቤታችን መጥተው አባቴ አጠገብ ተቀመጡና «የአላህ ውሳኔ ነው» አሏቸው። አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቃሉ ትክክል ነው። ውሳኔው የአላህ ነው፤ ትርጉሙ ግን የእርስዎ ነው። የራስዎን ሥራ ለእሱ አሳልፈው ሲሰጡ ትሕትናዎ አስደነቀኝ።

ስድስተኛ፣ ስለ ስምረት እናመሰግናለን። እውነቱን ለእኔ ስለነገረችኝ «የማኅበሩን ምስጢር በማውጣት» ብለው ከአባልነት አግደዋታል። እግድዎ ጠቅሟታል፤ ከእንግዲህ የእርስዎን ፊት አታይም። የማይጠቅማት ሌላው ነው። ባለፈው ጁምዓ ቤታችን መጥታ ቁጭ ካለች በኋላ «ዱኒያ፣ እግሩን ባልጎትት፣ ከጎን ብቆፍር ይተርፍ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይተርፍም ነበር» ብላት ደስ ባለኝ። ግን አላውቅም፤ ስለማላውቅም «አላውቅም» አልኳት። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ልትጠይቅ የማይገባት እሷ ናት፤ እርስዎ ግን እንደማይጠይቁት እርግጠኛ ነኝ። ሌሊቱን ሰላም እንደሚተኙ ፊትዎ ይናገራል፤ ወፍረዋል።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ሥራዎን ባለማቋረጥዎ እናመሰግናለን። «የሚክዳድ መታሰቢያ ዋንጫ» በሚል ስም አዲስ ቡድን እየመለመሉ መሆኑን ሰማሁ። ቢሮዎ መጥቼ «ለአዲሶቹ ልጆች ስለ ዛፉ ነግረዋቸዋል ወይ?» ብዬ ስጠይቅዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ «እህቴ፣ የበረዶ ነገር ሙያ ይጠይቃል። ለእናንተ አይገባችሁም» አሉኝ። እውነትዎን ነው። እኛ ሙያ የለንም፤ ያለን መቃብር ነው። ነገር ግን ሙያ የሌላቸው የአዲሶቹ ልጆች ወላጆች እንዲያነቡት ከላይ ያለውን ትርጉም አባዝቼ ሳቢያን፣ ከዚራና ታይዋን በየሱቁ በር ለጥፌዋለሁ። እናቶች ቆመው ሲያነቡ አይቻለሁ። አንዷ አንብባ ስትጨርስ የልጇን እጅ ይዛ ከቢሮዎ በር መለሰችው። ትርጉሙ ከእርስዎው ረዘም ስለሚል ላሰለቸዎ ይቅርታ።

በሉ እንግዲህ፣ ጊዜዎን አልሻማም። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ዕድሜው ረጅም ይሁንልዎ፤ በእያንዳንዱ ቀን ወንድሜን እንዲያስታውሱበት። ጤናው ሙሉ ይሁንልዎ፤ ጆሮዎም አእምሮዎም አብረው እንዲሠሩ። በሄዱበት አገር ሁሉ የሚናገሩዎትን የሚያስረዳዎ፣ እርስዎ ለእኛ ልጆች ካዘኑላቸው ይልቅ የሚያዝንልዎ፣ ደግ ሰው አይጥፋዎ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

ዱኒያ አብዲቃድር
የሟች ሚክዳድ አብዲቃድር እህት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለአዲሶቹ ሠልጣኞች ወላጆች
ለስምረት፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም ከሚል ቃል ጋር

ሳልረሳው፦ ለዋንጫው መክፈቻ ሥነ ሥርዓት አባቴ መድረክ ላይ ወጥተው ንግግር እንዲያደርጉ ቢሮዎ ደውሎ ጋብዟቸዋል። በአፍ መፍቻቸው በኦሮምኛ ቢናገሩ እንደሚቀላቸው አስበው ወደ አማርኛ የሚተረጉሙላቸው እርስዎ ራስዎ እንደሆኑም ተነግሮናል። አባቴ ይመጣሉ። ከቀብሩ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ ስላልተነጋገሩ ንግግራቸው ሊረዝም ይችላል፤ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲለማመዱት ሰምቼ እኔም ደንግጫለሁ። ለትርጉሙ ግን እርስዎ እንዳይደክሙ። ቢሮዎ ስመጣ ሥራዬን ስላልጠየቁኝ አልነገርኩዎትም እንጂ እኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፤ ሰው የተናገረውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለማስተላለፍ ምዬ ነው እንጀራዬን የምበላው። እርስዎ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጡ። አንድም ቃል አያመልጥዎትም።